ዋርሶ ከግድግዳው ማዶ

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ሐኖይ ላይ ዝናብ ይሁን ጉም ያልለየለት ካፊያ ይወርድ ነበር።

በዚህ የተከበረ ሰዓት፣ በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖችን እንዲያገለግል መንግሥት ያቋቋመው የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ከአራት ቀን በኋላ የሚገባውን አዲስ ዓመት ዛሬውኑ ለማስገባት ዝግጅቱን አጠናቅቆ ነበር። ተራው ሕዝብ አዲስ ዓመትን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። መጠበቅ ለግለሰብ እንጂ ለተቋም አይመችም። ስለዚህም ጣቢያው የዋዜማውን የቀጥታ ስርጭት በየዓመቱ አስቀድሞ ይቀርጻል፤ ቀጥታ የሚተላለፍ ነገር ለድንገተኛ አደጋ፣ ይልቁንም ለእውነት፣ የተጋለጠ ነውና።

ከጣቢያው ክፍሎች ሁሉ በማዕረግ የሚልቀው የናፍቆት ክፍል ነው። ዜና የጠፋ ዕለት የዜና ክፍል ያዛጋል። ቡድናችን የተሸነፈ ዕለት የስፖርት ክፍል አንገቱን ይደፋል። የናፍቆት ክፍል ግን ሰው እስከተሰደደ ድረስ ጥሬ ዕቃ አጥቶ አያውቅም። የክፍሉ ምክትል ኃላፊ ወይዘሮ ዶዋን የአገሪቱን እናቶች በካሜራ ፊት ሲያስለቅሱ ፀጉራቸው ሸብቷል። በዚህ ሙያ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ጀማሪ ጋዜጠኛ እናትን «ልጅዎ ይናፍቅዎታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ እናትም ቀና ብላ፣ አንገት ልብሷን አስተካክላ፣ ስለ አገር ፍቅር ንግግር ታደርጋለች። ወይዘሮ ዶዋን እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠሩም። ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ጎረቤት ዶሮ ሲያወጉ ይቆዩና፣ መብራቱ ሲስተካከል ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጅዎ ምን መብላት ይወድ ነበር?» ይላሉ። የቀረው የካሜራው ሥራ ነው።

የዘንድሮዋ እናት ከወራት በፊት ተመርጣ ነበር። ከቀይ ወንዝ ዳር መንደር የተገኘች፣ ለዚሁ ሥራ የተፈጠረች የምትመስል አሮጊት ናት፤ ልጇ ጀርመን ከሄደ ስንት ዓመት እንደሆነው እሷ ራሷ መቁጠሩን ትታዋለች። በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ልጅየው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ለዘለቄታው ከተፍ አለ። አሮጊቷ ለጣቢያው ደውላ በደስታ አለቀሰች። ለቅሶው በአግባቡ የተለቀሰ ቢሆንም ምክንያቱ ከዕቅዱ ውጭ ነበር።

ዳይሬክተሩ አቶ ቪየን አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። አቶ ቪየን አርቀው የሚያዩ ሰው ናቸው። አጉል እምነትን የሚዋጋውን፣ አሥራ ሁለት ክፍል ያለውን ታዋቂ ዝግጅት ያሰናዱት እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈውም ኮከብ ቆጣሪያቸው «ይህ ቀን ይበጃል» ባላቸው ማክሰኞ ነው።

«ጓዶች» አሉ፤ «ናፍቆት አደጋ ላይ ወድቋል። ከመካከላችን ልጁ ውጭ አገር ያለ ማነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ወይዘሮ ዶዋን ዞረ። አንዲት ልጃቸው ሚየን ከባሏ ጋር ፖላንድ፣ ዋርሶ ወርዳ የሾርባ ቤት ከከፈተች ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ በነዚህ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ አገሯን አልረገጠችም።

«የኔዋ እንኳ ቅዳሜ ትመጣለች» አሉ ወይዘሮ ዶዋን። ደስታቸውን ለመደበቅ ቢሞክሩም ጥርሳቸው አጋለጣቸው።

ተሰብሳቢው ሁሉ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ስንት ቀን ትቆያለች?» አሉ አቶ ቪየን፤ የታማሚ ሁኔታ እንደሚጠይቅ ሰው።

«እኔ ጋ? ቅዳሜን ነዋ! ቀን ትገባለች፣ በምሽቱ የአንድ ሰዓት ባቡር ወደ አማቶቿ ትወርዳለች። ያገባች ልጅ በዓሉን ከባሏ ወገን ጋር አይደል የምታሳልፈው? ከዚያም በዚያው ወደ ሥራዋ ነው። ለኔ የደረሰችኝ ቅዳሜ ከሰዓት ናት።»

«ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ቀረጻ አለን።»

«ለሱ ነበር ፈቃድ ልጠይቅ ያሰብኩት።»

አቶ ቪየን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ታላላቅ ሐሳቦች ወደ ታላላቅ ሰዎች ሲመጡ እንዲህ ዓይን ያስጨፍናሉ።

«እትዬ ዶዋን» አሉ ሲገልጡ፤ «ልጅዎ ትምጣ እንጂ! ማን ከለከላት? የጣቢያው መኪና ከአውሮፕላን ማረፊያ ይቀበላት፤ ቀጥ አድርጎም እዚህ ያድርሳት። እርስዎ ስቱዲዮው ውስጥ ይቀመጣሉ። እሷ ከጎን ባለችው ክፍል ዋርሶ ትሆናለች።»

«ዋርሶ ትሆናለች ማለት?»

«ከዋርሶ በቀጥታ ታነጋግርዎታለች።»

«ከጎኔ ሆና?»

«ከጎንዎ መሆኗን ማን ያያል? ርቀት እኮ የአቀራረጽ ጉዳይ ነው። አንዴ ነው የምንቀርጸው። በግማሽ ሰዓት ጨርሳችሁ፣ በዚያችው መኪና እቤታችሁ!»

ወይዘሮ ዶዋን እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ለስንት እናት «ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ እማማ» ብለው ኖረው ለራሳቸው ሲሆን ጊዜ የለኝም ማለት አሳፈራቸው።

«ደግሞ» አሉ አቶ ቪየን ከበሩ ላይ፤ «ለልጅዎ የሚሠሩላትን ምግብ ይዘውት ይምጡ። ዕቃ ግምጃ ቤት ያለው የፕላስቲክ ዓሣ ጅራቱ ተሰብሯል። ጣቢያችን በእውነት ላይ አይደራደርም።»

ስለዚህም ቅዳሜ በስምንት ሰዓት፣ ከተቃጠለ ስኳርና ከዝንጅብል ጋር ሌሊቱን በዝግታ እሳት ሲንተከተክ ያደረ ዓሣ፣ በጥቁር ሸክላ ድስት ሆኖ በስቱዲዮው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ከጎኑም እንፋሎቱ ለካሜራ እንዲታይ ትኩስ ሩዝ ቀረበ። ወይዘሮ ዶዋን በበኩላቸው ሜካፕ ሠሪዋ እጅ ላይ ነበሩ።

«እትዬ፣ ፈገግ አይበሉብኝ እንጂ» ትላለች ሜካፕ ሠሪዋ። «የምቀባዎ የእርጅና ሽብሽብ አልያዝ አለኝ።»

«ምን ላድርግ? መኪናው ደርሷል ሲሉ ሰማሁ።»

ደርሷል። ነገር ግን እናትና ልጅ እንዳይገናኙ ከአቶ ቪየን ጥብቅ ትእዛዝ ተላልፎ ነበር። «አንዴ ከተቃቀፉ በኋላ ናፍቆቱ ይበርዳል» ብለዋል፤ «ትኩስ ነገር በትኩሱ ነው የሚቀረጸው።» እናም ሚየን በኋለኛው ደረጃ ወጥታ ቀጥታ ዋርሶ ገባች። ዋርሶ ከስቱዲዮው በአንዲት በርና በአንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ የምትለይ፣ ቀድሞ መጥረጊያ ይቀመጥባት የነበረች ክፍል ናት።

«ይሄ ምንድነው?» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ማዶ መጣ።

ወይዘሮ ዶዋን ከወንበራቸው ሊነሡ ቃጣቸው። ያንን ድምፅ ሰባት ዓመት በስልክ ሰምተውታል፤ ስልክ ግን የድምፁን ሙላት ያስቀርበታል።

«በረዶ ነው» አለ በረዶ የሚበትነው ሠራተኛ።

«ይሄማ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፍርፋሪ ነው።»

«ካሜራው በምን ያውቃል?»

«ወንድሜ፣ ዘንድሮ ዋርሶ በረዶ የለም። ትናንት ስነሣ ጭቃ ብቻ ነበር። ይሄን ካፖርት ደግሞ ማን ነው የሚለብሰው? ድብ እኮ መሰልኩ!»

አቶ ቪየን በድምፅ ማጉያው ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ወገኖቻችን የሚኖሩበት አገር በረዶ አለው፤ ይህ በጣቢያው ደንብ የጸደቀ ነው። በጭቃ ውስጥ ቆሞ ናፈቀኝ የሚል ሰው እምነት አይጣልበትም።»

«እማዬ የት ናት?»

«ሐኖይ ናት።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ዋርሶ ነሽ።»

ሚየን ጥቂት አሰበች። «ታዲያ ከዚያ ለምን አመጣችሁኝ?»

«ጸጥታ! ቀረጻ!»

አስተዋዋቂዋ ክዊን በቀይ የበዓል ቀሚሷ አሸብርቃ መሐል ተቀመጠች። ክዊን የወይዘሮ ዶዋን ደቀ መዝሙር ናት፤ የሙያውን ምሥጢር ሁሉ ከእሳቸው ተምራለች። ሚየን ደግሞ ጥያቄ ስትጠየቅ ወዲያው እንዳትመልስ፣ በሆዷ ጥቂት ቆጥራ እንድትናገር ታዝዛለች፤ ከዋርሶ የሚመጣ ድምፅ በሳተላይት ዞሮ መድረስ አለበትና።

«ውድ ተመልካቾቻችን፣ እነሆ በቀጥታ ወደ ዋርሶ» አለች ክዊን። «ሚየን፣ ትሰሚናለሽ?»

ጸጥታ ሆነ። በጸጥታው መሐል ከግድግዳው ማዶ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ ያው ሳል በድምፅ ማጉያው ከዋርሶ ደረሰ።

«ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ዶዋን።

«አቁሙ!» አሉ አቶ ቪየን። «እትዬ ዶዋን፣ ይሄ ጽሑፉ ላይ የለም።»

«ስታስል ሰማኋት እኮ።»

«በማጉያው ሲመጣ ነው የሚሰሙት። በግድግዳ የሚመጣውን አይስሙ።»

«አልታመምኩም፣ እማዬ!» አለ ግድግዳው። «ፍርፋሪው ጉሮሮዬ ገብቶ ነው!»

«ሐኖይ ሳትጠይቅሽ ዋርሶ አትናገር!»

ሥራው ተጀመረ። ክዊን ስለ አየሩ አነሣች፤ ስለ ጉልበት ሕመም አነሣች፤ የጎረቤት ዶሮም አልቀረ። ወይዘሮ ዶዋን የሙያውን ደረጃዎች እያወቁ፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም እያወቁ፣ በልባቸው ተማሪያቸውን አደነቁ። ከዚያ መብራቱ ለሰስ አለ። ክዊን ወደ ፊት ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እናታችን፣ ሚየን ምን መብላት ትወድ ነበር?»

ወይዘሮ ዶዋን ይህን ጥያቄ የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው። ሠሪው ወጥመዱን ያውቃል ይባላል፤ ማወቅ ግን እግርን አያድንም።

«ዓሣውን... የድስቱን ታች» አሉ። «አረረ ሊባል ትንሽ የቀረውን። ከምድጃው ሳይወርድ በማንኪያ ትፍቀዋለች። እቆጣት ነበር። ድስቱን ትሰብሪዋለሽ እያልኩ... አሁን ማንም አይፍቀውም። ነክሬ ነው የማጥበው።»

እንባው መጣ፤ የመጣው ደግሞ ጽሑፉ ላይ ከታዘዘው በላይ ነበር። ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው አፍንጫውን ሲያብስ ተሰማ። መብራት የሚይዘው ጎልማሳ ሳይቀር ፊቱን አዞረ።

«ድንቅ!» አሉ አቶ ቪየን። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። እንደገና።»

«እንደገና?»

«የሩዙ እንፋሎት ፊትዎን ሸፈነው።»

ክዊን እጃቸውን ያዝ አድርጋ በለስላሳ ድምፅ «እትዬ፣ አንዴ ብቻ፣ ከልብዎ» አለቻቸው። ወይዘሮ ዶዋን ይህን ቃል ከየት እንዳመጣችው ለማስታወስ ብዙ አልደከሙም።

ሁለተኛው ላይ እንባው ዘገየ። ሦስተኛው ላይ በግራ ዓይን ብቻ መጣ፤ ካሜራው በቀኝ በኩል ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው በዝርዝር ባይነገር ለጣቢያው ክብር ይበጃል። ወይዘሮ ዶዋን ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ሰዓት ቀና ብለው አዩ። ለእኩለ ሌሊት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ይላል፤ ጠዋትም እንዲሁ ይል ነበር።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ ካሜራ ሠሪውን በሹክሹክታ።

«የቱ? የኛው ወይስ የውጭው?»

«የባቡሩ!»

«ኧረ አሥር ሰዓት አልፏል፣ እትዬ።»

ከጣቢያው እስከ ቤታቸው፣ ከቤታቸው እስከ ባቡሩ ያለውን መንገድ በሐሳባቸው ሄዱበት። በበዓል ሰሞን ያ መንገድ የብርቱካን ዛፍና የኮክ አበባ በጫኑ ሞተሮች ታንቆ ነው የሚውለው። ቤት ደርሶ፣ ቁጭ ብሎ ለመብላት የሚተርፍ ሰዓት እንደሌለ ገባቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ዓይናቸው እያየ በስቱዲዮው ወለል ላይ ፈሰሰ።

በመጨረሻ አቶ ቪየን «ይበቃል» አሉ። ይሁን እንጂ የዝግጅቱ የመጀመሪያ ክፍል ማሳረጊያ ሳይቀረጽ ማንም እንዲንቀሳቀስ አይፈቀድም። ተገትሮ የዋለው የግድግዳ ሰዓት ተለቀቀ፤ ሁለቱ ዘንጎች እኩለ ሌሊት ላይ ተገናኙ፤ ከማጉያው የአምና ርችት ተንጣጣ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው ካሜራው ፊት ቆሙ።

«ውድ ወገኖች! በዚህች ቅጽበት፣ እናንተ ባላችሁበትም እኛ ባለንበትም፣ አሮጌው ዓመት ተሸኝቷል። አዲሱ ዓመት ገብቷል! ይህም የሆነው በሁላችንም የጋራ ጥረት ነው።»

ጭብጨባው ገና ሳይበርድ የጎኑ በር ሲጥ ብሎ ተከፈተ። ሚየን በድብ ካፖርቷ፣ ፀጉሯ ላይ ፍርፋሪ ተነስንሶ፣ ቆማለች።

«ጨረሳችሁ አይደል?» አለችና አንድ እግሯን አነሣች።

«እንዳትረግጪ!»

አቶ ቪየን ይህን ሲጮኹ ድምፃቸው የዳይሬክተር አልመሰለም። የሚየን እግር ከበሩ ደፍ በላይ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ሆነ? እባብ አለ?»

«ልጄ፣ በምን ዓመት ነው የተወለድሽው?»

«በነብር ዓመት።»

«ወይ ጉድ! እኔ በጦጣ ነኝ።» አቶ ቪየን ግንባራቸውን ጠረጉ። «እግርሽን መልሺ። ቀስ ብለሽ።»

ዓመት በተለወጠ ጊዜ ደጃፍን ቀድሞ የረገጠ ሰው የዓመቱን ዕድል ይዞ እንደሚገባ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ቀድሞ የሚገባለትን ይመርጣል፤ ኮከቡ የገጠመ፣ ኑሮው የሞላ፣ ልጆቹ የበዙ። ዓመታት በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም ሲጠሩ ነብርና ጦጣ ባላንጣ ናቸው፤ ነብር በጦጣ ደጃፍ ቀድሞ ከገባ የሚሆነውን አለመናገር ይሻላል። በእርግጥ አቶ ቪየን በሰባተኛው ክፍል ዝግጅታቸው ይህን ልማድ በሳይንስ አፈራርሰውታል። ማፈራረስ አንድ ነገር ነው፤ የራስ ደጃፍ ሌላ ነገር ነው።

«አለቃ» አለች ክዊን፤ «አዲስ ዓመቱ እኮ ገና ነው። ይሄ የቀረጽነው ነው።»

«የቀረጽነው ውሸት ነው እያልሽ ነው?»

በጣቢያው ታሪክ ለዚህ ጥያቄ አዎን ብሎ የመለሰ ሠራተኛ የለም። ክዊንም ታሪክ አልቀየረችም።

«አምና ማን ቀድሞ እንደገባ ረሳችሁት?» አሉ አቶ ቪየን። «ቧንቧ ሠራተኛው! ዓመቱን ሙሉ ጣሪያው ሲያፈስ ከረመ።»

«ጣሪያው ስለሚያፈስ አይደል የተጠራው?» አለ ካሜራ ሠሪው።

«አንተ ደግሞ ካሜራህን ያዝ!»

አቶ ቪየን ስልካቸውን አወጡ። የጣቢያው ባለ መልካም ዕድል ከሚኒስቴሩ የሚመጡት አቶ ሎክ ናቸው፤ በዘንዶ ዓመት የተወለዱ፣ የሦስት ወንዶች አባት፣ ሹመት በሹመት ላይ የተደረበላቸው። ለእውነተኛው አዲስ ዓመት ማለዳ እንዲገቡ ቀጠሮ ተይዞላቸው ነበር።

«አቶ ሎክ፣ አሁኑኑ መጥተው ይግቡልን።»

«ለአዲስ ዓመት አልነበር ቀጠሮው?»

«ገባ እኮ።»

«ምኑ?»

«አዲስ ዓመቱ።»

«እኔ ጋ አልገባም» አሉ አቶ ሎክ። «እኔ ጋ ገና ቅዳሜ ነው።»

«እኛ ለባሕር ማዶ ስለምናሰራጭ ቀደም ይላል፣ ጌታዬ።»

ይህ ማብራሪያ ለማንኛውም ባለሥልጣን ይበቃል። «መጣሁ» አሉ አቶ ሎክ። «ግን መንገዱ በዛፍ ተዘግቷል፤ ታገሡኝ።»

አቶ ቪየን ስልኩን ዘግተው ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «አቶ ሎክ እስኪገቡ ድረስ ይህን ደፍ ተሻግሮ ወደዚህ የሚገባ አይኖርም። ሚየን እዚያው ዋርሶ ትጠብቃለች። ቀጥሎ ሁለተኛውን ክፍል እንቀርጻለን።»

«ባቡሬስ?» አለች ሚየን ከደፉ ማዶ። «እማዬስ?»

«ያው ትተያያላችሁ እኮ!» አሉ አቶ ቪየን። «ስንቱ ወገናችን ይህን እንኳ አላገኘም።»

ያን ጊዜ ወይዘሮ ዶዋን ከወንበራቸው ተነሡ። የተቀባላቸውን ሽብሽብ በመሐረብ ጠረጉ። ሰተት ብለው ወደ ጠረጴዛው ሄደው፣ ጥቁሩን ድስት በአንድ እጃቸው፣ የሩዙን ሳህን በሌላው ያዙ።

«ወዴት ነው?» አሉ አቶ ቪየን።

«መግባት ነው የተከለከለው አይደል?»

«አዎን።»

«እኔ እየወጣሁ ነው።»

አቶ ቪየን ከደንቡም ከልማዱም የሚጠቅሱት ነገር ፈለጉ። ለብዙ ሺህ ዓመታት ሕዝባችን ማን እንደሚገባ ሲጨነቅ ስለሚወጣ ሰው ያሰበ አልነበረም።

ወይዘሮ ዶዋን የበሩን ደፍ ተሻግረው፣ ያለ ቪዛ፣ ዋርሶ ገቡ።

ድስቱንና ሳህኑን በረዶው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ልጃቸውን ያዙ። ካፖርቱ ወፍራም ስለነበር ልጅየዋን በውስጡ ለማግኘት ጥቂት ፈለጉ። አገኟት። አቅፈዋት ቆዩ፤ ይህን የቀረጸ የለም።

«ከስተሻል» አሉ በመጨረሻ።

«ወፍሬያለሁ፣ እማዬ።»

«ዝም በይ፣ ከስተሻል። ብዪ።»

«እትዬ ዶዋን!» አሉ አቶ ቪየን ከበሩ ጫፍ። «ድስቱን ይመልሱ! በመጀመሪያው ክፍል ታይቷል! በሁለተኛው ከሌለ ተመልካቹ ምን ይላል?»

«መጥተው ይውሰዱት።»

አቶ ቪየን አንድ እግራቸውን አነሡ። ከዚያ አሰቡ። ከወጡ ተመልሰው ሲገቡ ቀዳሚው ገቢ እሳቸው ራሳቸው ሊሆኑ ነው፤ ኮከብ ቆጣሪው ደግሞ ዘንድሮ ጦጣ በራሱ ደጃፍ ቀድሞ እንዳይገባ አስጠንቅቋል። እግራቸውን በክብር መለሱ። ከኋላቸው ክዊን፣ ሜካፕ ሠሪዋ፣ ካሜራ ሠሪውና መብራት ያዡ ተሰልፈው አንገታቸውን አስግገዋል። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ የቀመሱት ነገር የለም፤ የተቃጠለ ስኳርና የዝንጅብል ሽታ ደግሞ ደፍ የሚባል ነገር አያውቅም።

እናትና ልጅ ፍርፋሪው ላይ ተቀመጡ። ሚየን ማንኪያ አጥታ የበረዶ መበተኛውን አካፋ አየች፤ ወይዘሮ ዶዋን ግን ከቦርሳቸው ከቤት ያመጡትን ማንኪያ አወጡ። ልጅየዋ ከዓሣው ሳትጀምር ማንኪያውን ወደ ታች ሰደደችው። ክርር የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ድስቱን ትሰብሪዋለሽ» አሉ ወይዘሮ ዶዋን።

«ይሰበር።»

«እሺ። ይሰበር።»

«እትዬ» አለ ካሜራ ሠሪው ከሐኖይ በኩል፤ «ትንሽ አይተርፍም እንዴ? በእጅ ብታቀብሉን... እጅ ቢገባ እንደ እግር አይቆጠርም፣ አይደል አለቃ?»

አለቃው ጉዳዩን አጠኑ። ውሳኔ ሳይሰጡ ዓሣው አለቀ።

ወይዘሮ ዶዋንና ሚየን በኋለኛው ደረጃ ሲወርዱ፣ አንድ የኮክ ቅርንጫፍ የተሸከሙ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ በካፊያው የራሱ ሰው ሽቅብ ሲያለከልኩ አገኙ።

«እንኳን አደረሳችሁ!» አሉ አቶ ሎክ። «ሐኖይ በየት በኩል ነው?»

«ዋርሶን አልፈው ወደ ግራ» አለች ሚየን።

ባቡሩ ሲነሣ ወይዘሮ ዶዋን ባዶውን ድስት ታቅፈው በመስኮቱ ትይዩ ትንሽ ሮጡ። እናቶችን ለመቅረጽ ስንት ጊዜ እዚሁ ቦታ ላይ አስሩጠዋል። ማንም «እንደገና» አላላቸውም።

የጣቢያው ጥበብ ግን እንዲህ ባለ መሰናክል አይሰናከልም። ለሁለተኛው ክፍል እናትም፣ ልጅም፣ ድስትም ባይኖሩ፣ አቶ ቪየን የዋርሶውን ባዶ ወንበር ከነበረዶው አስቀረጹ፤ ክዊንም «በከባድ በረዶ ምክንያት ግንኙነታችን ተቋርጧል» ብላ ዓይኗን በጣቷ ጫፍ ነካች። ከሚኒስቴሩ አስቀድመው የተመለከቱት ገምጋሚዎች ባዶው ወንበር የስደትን ጥልቀት በድፍረት የገለጸ ነው ብለው መሰከሩ። ወይዘሮ ዶዋን ያለ ፈቃድ በመውጣት ተገሠጹ፤ በዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ ስለ እንባቸው ተመሰገኑ።

በዋዜማው ምሽት ወይዘሮ ዶዋን ቴሌቪዥኑን ሳይከፍቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ ስልክ ጮኸ።

«እማዬ» አለች ሚየን በሹክሹክታ፤ «እያየሽ ነው?»

«ምኑን አየዋለሁ? ነበርኩበት እኮ። ምነው ድምፅሽን ዝቅ አደረግሽ?»

«አማቴ እያየችኝ ነው።»

«ምን አደረግሻት?»

«በቴሌቪዥኑ ነው የምታየኝ! ይሄን ጣቢያ እኮ ልጁ ውጭ ያለ እናት ሁሉ ነው የሚከፍተው። እየተንሰቀሰቀች ነው። ‹አይ ምስኪን፣ በዓሉን በዚያ ብርድ!› ትላለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ የሐብሐብ ፍሬ እየፈለፈልኩላት።»

«እዚህ ነኝ አላልሻትም?»

«አልኳት እንጂ። ‹ዝም በይ፣ ልስማሽ!› አለችኝ።»

ወይዘሮ ዶዋን ሳቁ፤ ሳቁን ለማቆም ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ከውጭ የእውነተኛው ርችት የመጀመሪያው ተኩስ ተሰማ። ድስቱ ከመስኮቱ ሥር፣ ታቹ ተፍቆ፣ ተደፍቶ ነበር።

በዚያ ዕለት ዋርሶ ላይ በረዶ አልጣለም።